የደከመው ሾክ

ታዲያላችሁ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ የከተማ አውቶብስ እየነዳ የሚኖር አንድ ያገራችን ሰው አለ። ስሙ ለዚህ ወሬ አያስፈልገንም፤ ባለሞተሩ እንበለው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ይከርምና ቅዳሜ ሲመጣ ለራሱ ይነዳል። ሞተሩ ቢ ኤም ደብልዩ አር 1150 አር ቲ ትባላለች። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የተሸጠች፣ ነዳጇ ሞልቶ 279 ኪሎ የምትመዝን፣ ግራና ቀኝ ሻንጣ የተሰካላት፣ ለረጅም መንገድ ተብላ የተሠራች ናት። ሰንሰለት የላትም፤ የኋላ ጎማዋ በካርዳን ነው የሚዞረው። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ሞተሯ ግን ዛሬም እሺ ይላል። የደከመው ሌላ ነገር ነው።

በጋ ላይ ባለቤቱን ከኋላ አስቀምጦ፣ ሻንጣዎቹን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ጣሊያን ወዳለው ስቴልቪዮ ወጣ። ስቴልቪዮ ከባሕር ወለል በላይ 2,757 ሜትር ላይ የሚያልፍ የአልፕስ መንገድ ነው፤ በፕራቶ በኩል ለሚወጣ ሰው 48 ሹል ጥምዞች ይጠብቁታል። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የታወቀው። ጥምዙ መሐል አስፋልቱ ትንሽ ካጎረበጠ የሞተሯ ጭራ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ባለቤቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገችና «አንተ፣ መንገዱ ነው ወይስ አንተ ነህ እንዲህ የምታንገጫግጨኝ?» አለችው። «መንገዱ ነው» አላት። መንገዱስ አልነበረም።

ሲመለሱ ሞተሯን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዳት። ሰውየው ብዙ አልጠየቁም። ከመቀመጫው ጀርባ ቆመው ጭራዋን በሁለት እጃቸው ወደ ታች ተጫኑና በድንገት ለቀቁት። ደህና ሾክ ቢሆን አንዴ ተነሥቶ እዚያው ይቆም ነበር። ይቺ ግን ተነሣች፣ ወረደች፣ ደግሞ ተነሣች። ከዚያ በባትሪ ወደ ውስጥ አበሩ። የሾኩ ዘንግ ላይ ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ ጥቁር ጭቃ ሠርቷል፤ ክሮሙ ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ የዝገት ነጥቦች ይታያሉ። «ሞላው አልተሰበረም» አሉ፤ «የሞተው ዘይቱ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና የሾኩን ሥራ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ቀሪው ወሬ አይገባም። ሞላው ክብደት ይሸከማል፤ ሌላ ሥራ የለውም። አንዴ ከተጨመቀ ደግሞ የተቀበለውን ሁሉ መልሶ ይወረውራል። ያንን ውርወራ የሚያረግበው በሾኩ ሆድ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎችና በላያቸው በተደራረቡ ስስ ሮንዴላዎች መሐል ተገድዶ ያልፋል፤ የመንገዱ ጉልበት እዚያ ሙቀት ይሆንና ይጠፋል። ዘይቱ እንዳያረፋ በናይትሮጅን ጋዝ ተጨምቆ ይቀመጣል። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ ይወጣል፣ ጋዙም ይከተላል፤ የቀረው ዘይት እንደ ጠላ አረፋ ይደፍቅና ፒስተኑ አየር ውስጥ ይዋኛል። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም። ነጂው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየለመደው ስለሚሄድ ሞተሯ የታመመች አይመስለውም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው።

ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን ድረስ በሞተር የሚጓዙ ፈረንጆች ሾክ እንዴት እንደሚሞት በመከራ ነው የተማሩት። ኢትዮጵያን አቋርጠው ሞያሌ ከደረሱ በኋላ፣ ወደ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ የሚወስደው የኬንያ መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት የስንቱን ሾክ በላ! ጉድጓዱ አልነበረም ዋናው ጠላት። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር የተሸበሸበ ስለነበር ሾኩ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ይመታል፤ ዘይቱ ለመብረድ ጊዜ አያገኝም፣ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ጎሚኒውን ጥሶ ይወጣል።

ከኋላ አንድ ሾክ ብቻ ማድረግም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ አብዛኛው ሞተር ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ ነበረው። ሉሲየን ቲልከንስ የሚባል ቤልጂጋዊ መሐንዲስ በአንድ ረጅም ሾክ የሚሠራ አሠራር አመጣ፤ ያማሃ ገዛው። እ.ኤ.አ. በ1973 ስዊድናዊው ሆካን አንደርሰን በዚያ አሠራር የ250 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነው አንድ ሾክ በየሞተሩ የተዛመተው፤ ባለሞተሩም ያንን አንዱን ሊለውጥ ነው።

ወሬው በወዳጆቹ ዘንድ ተሰማ። አንድ ወጣት ስልኩን እያሳየ መጣ። «ጋሼ፣ አየሁልህ! በ150 ዩሮ፣ አዲስ፣ ቤትህ ድረስ ያመጡታል።» ባለሞተሩ ፎቶውን አየ። ያምራል፤ ሞላው ቀይ ነው፣ የሚዞሩ ቁልፎችም አሉት። የሞላው ጥንካሬ ግን ስንት እንደሆነ አልተጻፈም። ለስንት ኪሎ ሰው እንደተሠራም አልተጻፈም። ዘይቱ ሲያልቅ ማን እንደሚከፍተው፣ ጎሚኒው የት እንደሚገኝም የለም። «ልጄ፣ ይኼ ቀለም ነው እንጂ ሾክ አይደለም» አለው። እኔም በዚህ ነገር ከእሱ ጋር ነኝ። ሞላው ስንት እንደሆነ የማይነግር ሻጭ፣ ቁጥሩን ሳይነግር ጫማ እንደሚሸጥ ሰው ነው።

ሌላው ወዳጁ ከተፈታች ሞተር ላይ የወረደ ሾክ አገኘለት፤ «ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ የሄደ» ተባለ። ይህም ወጥመድ ነው። የሄደው መንገድ ያንስ ይሆናል፤ ጎሚኒውና ዘይቱ ግን አሁን ከተበላሸው ጋር እኩያ ናቸው። በዚያ ላይ የወረደው ጂ ኤስ ከምትባለው ሌላዋ ቢ ኤም ደብልዩ ነበር። ጂ ኤስና አር ቲ በሞተር እህትማማች ቢሆኑም ሾካቸው አንድ አይደለም። ርዝመቱ በትንሹ ከተለየ የጭራዋ ከፍታ ይለወጣል፣ የመሪው ጠባይም አብሮ ይለወጣል፣ የጎን መቆሚያውም አቋም ይዛባል።

አሮጌውን ማሳደስስ? እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ብዙ ሾክ በባለሙያ እጅ ተከፍቶ፣ ጎሚኒውና ዘይቱ ተለውጦ፣ ናይትሮጅኑ ተሞልቶ እንደገና ለዓመታት ያገለግላል፤ ዋጋውም ከአዲስ በእጅጉ ያንሳል። የፋብሪካው ሾክ እንዲከፈት ታስቦ ባይሠራም ከፍተው የሚያድሱ አሉ። የባለሞተሩን ዕድል የዘጋው ያ የዝገት ነጥብ ነው። ክሮሙ የተበሳ ዘንግ አዲሱን ጎሚኒ ሞርዶ ይጨርሰዋል። ዘንጉም ይለወጥ ከተባለ ደግሞ ሂሳቡ ወደ አዲሱ ዋጋ ይጠጋል። ስለዚህ አዲስ መግዛት ግድ ሆነ።

ሽማግሌው መካኒክ ግን ወዲያው «ይሄን ይግዙ» አላሉትም። ሜትር አመጡ። «መጀመሪያ የእርስዎን ሞላ እንወቅ» አሉት። ሞተሯን በመሐል መቆሚያዋ አቆሟት፤ የኋላ ጎማዋ ከመሬት ተነሣ። ከጎማው እምብርት ቀጥ ብለው ወደ ላይ፣ ሻንጣው የሚሰካበት ብረት ድረስ ለኩ፦ 600 ሚሊሜትር። ቀጥሎ በጎማዋ አቆሟትና ማንም ሳይቀመጥባት ለኩ፦ 597። በመጨረሻ ባለሞተሩና ባለቤቱ የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻንጣው ሞልቶ፣ ተቀመጡባት፦ 538። ይህ ሁሉ ሲሆን የሞላው መወጠሪያ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ነበር።

አሁን ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ የወሬው እምብርት እሱ ነው። የዚህች ሞተር የኋላ ጎማ ከላይ እስከ ታች 135 ሚሊሜትር ይሄዳል። ሰው ሲቀመጥባት ከዚያ ውስጥ ሲሶውን፣ ማለትም 45 ሚሊሜትር ያህል ብትሰምጥ ደግ ነው። የነሱ ግን 62 ሰመጠች። ባዶዋን ስትቆም ደግሞ በራሷ ክብደት 10 ወይም 15 ሚሊሜትር መስመጥ ሲገባት 3 ብቻ ሰመጠች። ባዶዋን እምብዛም አትሰምጥም፣ ሲጫኗት ያለ ልክ ትሰምጣለች። ይህ ማለት ሞላው ለዚያ ጭነት ለስልሷል ማለት ነው። በተገላቢጦሹ፣ ሰው ሲቀመጥባት ልኩን ሰምጣ ባዶዋን ግን ብዙ የምትሰምጥ ቢሆን ኖሮ ሞላው ጠንክሯል እንል ነበር።

«ታዲያ መወጠሪያውን ባጠብቀው አይጠነክርም እንዴ?» አለ ባለሞተሩ። አይጠነክርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 100 ኒውተን በሚሊሜትር የሆነ ሞላ አንድ ሚሊሜትር እንዲጨመቅ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ይፈልጋል፤ መወጠሪያውን አጠበቅከውም አላላኸውም ያው ነው። ማጥበቅ ጭራዋን ከፍ ያደርጋል እንጂ የሞላውን ጠባይ አይለውጥም። ጠባዩ የሚለወጠው ሞላው ሲለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሾክ የሚገዛ ሰው ከምርት ስሙና ከቁልፎቹ ብዛት በፊት የሚገዛው ነገር ሞላ ነው።

ገበያውን እንየው። ከላይ ስዊድናዊው ኦህሊንስ አለ፤ ኬንት ኦህሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋመው፣ ከእሽቅድምድም ሜዳ የመጣ ስም። ቁልፍ የበዛባቸው ዓይነቶቹ ከ1,000 ዩሮ ያልፋሉ። ጀርመን ውስጥ፣ ኖርድሆርን ከተማ፣ ቪልበርስ አለ፤ የነጂውን ክብደት ጠይቆ በልኩ ይሠራል። ሆላንዶች ሃይፐርፕሮ አላቸው፤ እየተጨመቀ ሲሄድ እየጠነከረ በሚሄድ ሞላ የታወቀ ነው። እንግሊዞች ሃጎን፣ ታይላንዶች ዋይ ኤስ ኤስ አላቸው። ከነዚህ ውስጥ ቀለል ያለው ዓይነት ከ300 እስከ 500 ዩሮ አካባቢ ይገኛል። ቀላል ቢሆንም ይከፈታል፣ ይታደሳል፣ በፈለጉት ሞላ ይታዘዛል።

ታዲያ ውዱ የሚያደርገው፣ ርካሹ የማያደርገው ምንድን ነው? ለእሽቅድምድም የሚሆኑ ቁልፎች ናቸው፤ በዝግታ ሲጨመቅ የሚያረግበው ለብቻ፣ በፍጥነት ሲጨመቅ የሚያረግበው ለብቻ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሻንጣ ጭኖ ሚስቱን አስቀምጦ ለሚሄድ ሰው እነዚያ ቁልፎች ጌጥ ናቸው። አንዴ ይነካካቸዋል፣ ከዚያ ይረሳቸዋል። አንድ ቁልፍ ግን አለ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ቢያስወጣም የማይቀር፦ ሞላውን በእጅ እያዞሩ በዘይት ግፊት የሚወጥረው። ባለሞተሩ ዛሬ ብቻውን ነው፣ ነገ ከባለቤቱ ጋር ነው፣ ከነገ ወዲያ ሻንጣ ጨምሮ። ርካሹ ሾክ በመንጠቆ ቁልፍ በሚዞር ቀለበት ብቻ ከመጣ፣ አር ቲ ላይ እዚያ ውስጥ እጅ ማስገባት ፈተና ስለሆነ ማንም አያዞረውም። አስተካክለው የማይነዱት ሾክ ደግሞ ምን ያደርጋል?

የጀርመን ነገር ደግሞ ወረቀት አለው። ሾክ ከተለወጠ ዕቃው ለዚያች ሞተር የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ በየሁለት ዓመቱ ቱፍ በሚባለው የተሽከርካሪ ምርመራ ላይ ይጠየቃል። ያ 150 ዩሮ ያለው ሾክ ወረቀት አልነበረውም።

ባለሞተሩ በመጨረሻ ያዘዘው ከቀላሎቹ አንዱን ነው፤ ማርገቢያው አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው፣ ሞላው በሁለቱ ሰዎችና በሻንጣው ክብደት የተመረጠ፣ የእጅ መወጠሪያው የተጨመረበት፣ ወረቀቱ አብሮ የመጣ። ይህች ሞተር ከፊትም የራሷ ሾክ አላት፤ ሻጩ «ሁለቱን አብረው ይለውጡ» ብሎት ነበር። ጭነቱ ያለው ከኋላ ነውና የፊቱን ለሌላ ዓመት አቆየው፤ በደግ አደረገ እላለሁ። ሽማግሌው ሲገጥሙ አሮጌው በወጣበት አጋጣሚ የኋላውን ክንድ ኩሽኔቶች እየነቀነቁ መረመሩ፤ ጎማውንም ላይና ታች ይዘው ወዘወዙት። እዚያ ልቅ ነገር ቢኖር አዲሱ ሾክ አያድነውም ነበር።

እንደገና ሲለኩ ሁለቱ ተቀምጠውባት 44 ሰመጠች፤ ባዶዋን 12። ባለቤቱ ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለስ ስለ ሾኩ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ወሬዋ ሁሉ ስላዩት ተራራ ነበር።

እናንተም ሾክ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሻጩ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ሚዛን ላይ ውጡ። ከነኮፍያችሁ፣ ከነጃኬታችሁ፣ ከነጫማችሁ። ከኋላ የሚቀመጠውንም ሰው መዝኑ፣ ሻንጣውንም መዝኑ፣ ቁጥሮቹንም በወረቀት ያዙ። ሻጩ እነዚያን ቁጥሮች ካልጠየቃችሁ ስልኩን ዝጉና ሌላ ጋ ደውሉ።