ከጋን እስከ ጀሪካን

«ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» የሚባለው ስለ ሰው ነው፤ ትልልቆቹ አልፈው ታናናሾቹ ቦታቸውን ሲይዙ። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሁምቦ ጠበላ ገበያ የሚወርድ ሰው ግን ተረቱን በዕቃው ላይ ያየዋል። ጋኑ ከቤት አይወጣም፤ ገበያ የሚወጣው ቢጫው ጀሪካን ነው።

ድሮም ቢሆን ጋን አይሄድም ነበር። ለሠርግና ለተዝካር የሚጠመቅበት ትልቁ ሸክላ አንዴ ጥጉን ከያዘ እዚያው ነው። ለቅሶ ቤት የሚደርሰው፣ ማኅበር የሚዘልቀው፣ ደቦ ላይ ለሚቆፍረው ሰው የሚቀርበው እንስራው፣ ማድጋውና ገንቦው ነው። ባዶውን ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች ትንንሽ የብረት በርሜሎችን እያጠቡ ደጋግመው ይሞላሉ። ለእኛ እናቶች ይህ የየሳምንት ሥራ ነበር።

አዲስ ሸክላ ተገዝቶ ወዲያው ጠላ አይጣልበትም። መጀመሪያ ይሟሻል። ከዚያም ጥንስስ በመጣ ቁጥር ውስጡ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠባል፤ ቅጠሉ ሲታሽ አረንጓዴ አረፋ ያወጣል፣ ምሬቱ እጅ ላይ ይቆያል። ቀጥሎ የወይራ ስንጣሪ ፍም ላይ ይጣልና ዕቃው በአፉ ይደፋበታል። ጢሱ መውጫ ሲያጣ ሆዱን ይሞላዋል፣ ከንፈሩ ሥር በቀጭኑ ያመልጣል። ዕቃው ሲነሳ ውስጡ ጠቁሮ፣ ሞቆ፣ ሸትቶ ነው። የመጪው ጠላ ጣዕም ገና ጌሾው ሳይገባ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የወላይታው ቦርዴ ጌሾ የለውም። ከበቆሎ፣ ከማሽላ፣ ከገብስ ወይም ከዳጉሳ በብቅል ይሠራል፤ ወፍራም ስለሆነ ከመጠጥነቱ ይልቅ ምግብነቱ ያመዝናል፣ ምሳ ሆኖ የሚውልበት ቤት ብዙ ነው። ዕድሜው ግን አጭር ነው። አንድ ቀን ካለፈው ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ገበያውን ቀን ቆጥረው ይጠምቁለታል። እርሾ ገዝቶ የሚጨምርበት የለም። መፍላቱን የሚያስጀምሩት ከብቅሉና ከዕቃው የሚያገኛቸው ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው። ሸክላው እንግዲህ ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን ከጠማቂዎቹ አንዱ ነው።

ይህ ሥራ አሻራ ይተዋል። ጆን አርተር የተባለ አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት በወላይታ ጎረቤት በጋሞ የሸክላ ዕቃዎችን አጥንቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ በዚህ ላይ ያተኮረ ነው። ጠላ የሚፈላበት ዕቃ የውስጥ ግድግዳው እየተበላ ይቦረቦራል፤ መጠጡ ሲፈላ የሚፈጠረው አሲድ ነው የሚበላው። አርተር እንዲህ የተበሉትን ሸክላዎች ያገኘው በተለይ በሀብታሞቹ ቤት ነበር፤ ለመጥመቅ ከዕለት ጉርስ የተረፈ እህል ያስፈልጋልና። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ አንድ ገል፣ ውስጡ ከተቦረቦረ፣ የማን ቤት ጎተራ ሙሉ እንደነበር ይናገራል ማለት ነው። በዚህች ሐሳብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ጽሑፍ ላልነበረው ቤት የታሪክ መዝገቡ የጠላ ዕቃው ነው።

መዝገቡን የሠሩት እጆች ግን ክብር አላገኙም። በወላይታ ሸክላ ሠሪዎቹ ቺናሻ ይባላሉ። ለዘመናት ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ አብረው እንዳይበሉ ተደርገው ኖረዋል። ጋኗ የቤቱን ጥግ በክብር ይዛ ትቀመጣለች፣ ሠሪዋ ከማዕዱ ትገለላለች። ስለ ጠላና ስለ ቦርዴ ብዙ ተወርቷል፤ ጭቃውን አቡክታ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ክብ አድርጋ፣ በገለባና በማገዶ ስላጸናችው ሴት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይህ ዕዳ ነው።

ማገዶውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። የሁምቦ ተራሮች በማገዶና በከሰል ተራቁተው ነበር። ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ 2,728 ሄክታር ከልሎ ጉቶው ራሱ እንዲያቆጠቁጥ አደረገ፤ ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መርሐ ግብር ተመዘገበ። ሸክላ ለሚተኩስም፣ ለቦርዴ ድስት ለሚጥድም እንጨት እንደ ልብ የሚለቀምበት ዘመን አልፏል።

ጀሪካኑ ደግሞ ከሩቅ መጥቷል። በ1937 እ.ኤ.አ. ለጀርመን ጦር የተሠራ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ነዳጅ ዕቃ ነበር። «ጀሪ» የእንግሊዝ ወታደር ለጀርመኑ ያወጣለት ቅጽል ስም ነው። ብረቱ በፕላስቲክ ተለወጠ፣ ነዳጁ በምግብ ዘይት፣ ዘይቱ ሲያልቅ ባዶው እኛ ቤት ገባ። ጠማቂዋን አልወቅሳትም። እንስራ አዝላ በድንጋያማ መንገድ የተደናቀፈች ሴት የሳምንት ድካሟን መሬት ሲጠጣው አይታለች፤ ጀሪካን ቢወድቅ ተንከባሎ ይቆማል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ለመጠጥ እንዳታውለው። ፕላስቲክ የያዘውን ሽታ በውኃ አይለቅም፣ በፍም ላይ ተደፍቶም አይታጠንም።

ለዚህም ነው በብዙ ቤት ሁለቱ ሥራ የተከፋፈሉት። ጥንስሱ አሁንም ለሸክላው ነው። መጠጡ ሲደርስ ተቀድቶ ወደ ጀሪካን ይገለበጣል፣ ክዳኑ አየር እንዲያወጣ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፣ ገበያ ይወጣል። ማታ ባዶው ጀሪካን በውኃ ተለቃልቆ ደጅ ይደፋል። ጋኗ ውስጥ ግን ግራዋው እየታሸ ነው፤ ፍሙም ተጭሮ የወይራ ስንጣሪው ተጥሎበታል።