መጠጥና መሪ በአቃቂ ቃሊቲ ጎዳና

አቃቂ አስቀድሞ የባቡር ጣቢያ፣ ኋላም የፋብሪካና የጭነት መኪና ከተማ ሆና ያደገች ናት። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በእርሷ በኩል ሲሆን፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ጭነቱ ቀስ በቀስ ከሐዲድ ወደ ጎማ ተዛወረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላም የአገሪቱ የባሕር ንግድ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ብቻ ስለ ሆነ፣ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚያመራው ተሳቢ በዚሁ ሰፈር ማለፍ ግድ ሆነበት።

ቀናት ሙሉ በቆላው ሐሩር ሲነዳ የሰነበተ ሾፌር ቃሊቲ ሲደርስ ጉዞው ያበቃለት ይመስለዋል። መኪናውን አቁሞ ተራ ይጠብቃል፤ በመንገዱ ዳር ሥጋ ቤቱም አረቄ ቤቱም አለ። ሲመሽ መኪናውን ወደ ማደሪያው ለመውሰድ እንደገና መሪ ይጨብጣል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ጥቂት መለኪያ እንደሚበቃው ለማስረዳት ሐኪም አያሻም።

ይሁንና ጭነኛውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እሑድ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ሲዝናና ውሎ የሚመለሰው የቤት መኪናም አለ። 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ይህ ሰው ፍጥነት የለመደ እግሩን ይዞ ከቱሉ ዲምቱ በቀጥታ ወደ እግረኛ መካከል ይገባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። መጠጥ የሾፌሩን ውሳኔ በግማሽ ሰከንድ ቢያዘገየው፣ ፍሬን ሳይያዝ ከ8 ሜትር በላይ ይታለፋል ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ባለሁለት መስመር መንገድ ስፋት ይበልጣል።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ ራሱን በመጠጥ አደንዝዞ ደንብ በመጣስ ሰው የገደለውን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ደንብ ቁጥር 208/2003 ደግሞ ወሰኑን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አደረገው።

የትንፋሽ መመርመሪያውን በ1954 እ.ኤ.አ. የሠራው አሜሪካዊው ሮበርት ቦርከንስታይን ከ1962 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. በግራንድ ራፒድስ ከተማ ያካሄደው ጥናት ለእኛ ለመሐንዲሶች ትልቅ ትምህርት አለው። አደጋ ያደረሱትን ሾፌሮች ብቻ መርምሮ አላበቃም፤ አደጋ በደረሰባቸው ቦታዎች፣ በዚያው ዓይነት ሰዓት በደኅና የሚያልፉትንም አስቁሞ ትንፋሻቸውን ለካ። የመጠጥ መጠን ሲጨምር አደጋው ምን ያህል እንደሚያይል ሊታወቅ የቻለው በዚህ ንጽጽር ነው። ሰዓቱን ባይጠብቅ ኖሮ ውጤቱ ከንቱ በሆነ ነበር።

እኔ ራሴ በተሳተፍሁበት አንድ የመንገድ ጥናት ቆጠራው የተካሄደው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። ከጠላ ቤት ወጥቶ በጨለማ የሚሻገረው የፋብሪካ ሠራተኛም፣ በመሪው ላይ የሚያንቀላፋው ሾፌርም በሠንጠረዣችን አልተመዘገቡም። የእግረኛ መሻገሪያዎቹንና የመብራት ምሰሶዎቹን ቦታ የወሰንነውም በዚያው ሠንጠረዥ ነው።