የጤና ነጥብ (የሚና ጨዋታ)

የጤና ነጥብ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረጉ የሚና ጨዋታዎች አንድ ገጸ ባሕርይ ምን ያህል ጉዳት መቋቋም እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቾች ታሪኩን በቃል እየተረኩ የፍልሚያውን ውጤት በዳይስ ይወስናሉ።

ዘዴውን ያስገባው አሜሪካዊው ዴቭ አርንሰን ሲሆን፣ ሐሳቡን የወሰደው ከባሕር ኃይል የጦርነት ጨዋታ ሕግ ነው። ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ተስፋፋ። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ጉድለት አለው፦ 1 ነጥብ ብቻ የቀረው ጀግና ምንም ካልተነካው እኩል ይዋጋል።

== አማራጭ ሕጎች ==

* በአካል ክፍል፦ «ሩንክዌስት» (1978 እ.ኤ.አ.) ለራስ፣ ለደረት፣ ለእጅና ለእግር ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል። የተመታው ቦታ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ይለያል።
* ጉልበትና ቁስል፦ «አንኧርዝድ አርካና» (2004 እ.ኤ.አ.) ነጥቡን ለሁለት ይከፍላል። ተራ ምት መጀመሪያ ጉልበትን ይቀንሳል፤ እጅግ የተሳካ ምት ግን በቀጥታ ያቆስላል።
* ያለ ነጥብ፦ በ«ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ» (2002 እ.ኤ.አ.) ለእያንዳንዱ ምት ዳይስ ይጣላል፤ ያልተቋቋሙት ምት ቀጣዩን መቋቋም ያከብዳል።

ቁስል የሚያዳክም ሕግ ተጫዋቹ ከመዋጋቱ በፊት መሸሽን እንዲያስብ ያደርጋል። በአንጻሩ ቀድሞ የተመታው ወገን ይበልጥ እየደከመ ስለሚሄድ ማንሰራራት ይከብደዋል፤ የሚመዘገበው ሲበዛም ጨዋታው ይንቀራፈፋል።