አህያ የጫነው ቼሪ፣ በርሜል ያከረመው ቢራ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ቀምሼ እጽፋለሁ። መሪ የምትጨብጡ ግን አንብቡ እንጂ አትቅመሱ!

ላወራላችሁ የፈለግሁት ክሪክ ስለሚባለው የቤልጅየም ቢራ ነው። መሠረቱ ላምቢክ ይባላል፤ አገሩም ከብራስልስ በስተ ምዕራብ ያለው የፓዮተንላንድ ገጠር ነው። ሠዓሊው ብሩጌል እ.ኤ.አ. በ1568 ዕውር ዕውርን ሲመራ በሣለበት ሥዕል ከኋላ የምትታየው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም እዚያው ቆማለች። የዚያ አካባቢ ገበሬ ብርዱ ገብቶ እርሻው ሥራ ሲፈታ ይጠምቅ ነበር። ዛሬ ስሙ የገነነው የሊንደማንስ ቤተሰብም በ1822 የጀመረው በእርሻው ግቢ ውስጥ ነው።

አሠራሩን ስትሰሙ እናቶቻችሁ ትዝ ይሏችኋል። የገብስ ብቅል ላይ ሲሶ ያህል ያልበቀለ ስንዴ ይጨመራል፤ ከሆፕስ፣ ማለትም ከፈረንጅ ጌሾ ጋር ይፈላል። ሆፕሱ ሆን ተብሎ ዓመታት የቆየ ነው፤ ምሬቱ ጠፍቶ ከብልሽት መጠበቁ ብቻ እንዲቀር። ከዚያ ትኩሱ ፈሳሽ ጣሪያ ሥር ባለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ገንዳ ላይ ተዘርግቶ ያድራል። እርሾ የሚጨምር ሰው የለም፤ ከአየሩና ከቤቱ ራሱ ይገባል። ጠዋት ወደ እንጨት በርሜል ይገለበጣል፤ እዚያም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይከርማል።

በ1883 ኮፐንሃገን፣ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ፣ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንድን እርሾ ከሌላው ለይቶ ማራባት ቻለ። እንደ መሐንዲስ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። የፋብሪካ ቢራ ዛሬ የጠጣችሁትና የዛሬ ዓመት የምትጠጡት አንድ ዓይነት የሆነው በዚያ ምክንያት ነው። ላምቢክ ጠማቂዎች ግን የዱሩን እርሾ አልለቀቁም። እርሾው በኦክ እንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይኖራል፤ እንጨቱም ጥቂት ጥቂት አየር ያሳልፍለታል። እኛ ጋኑን በግራዋ ፈትገን በወይራ እናጥናለን፤ እነሱ የሸረሪት ድር እንኳ አይነኩም። ለምን ብትሉ፣ ፍሬው የሚጠራቸውን ዝንቦች የምትይዘው ሸረሪቷ ናት።

ቼሪው የራሱ ታሪክ አለው። ትንሽ፣ ጥቁር ቀይና ኮምጣጣ ነው፤ ስሙን ያገኘው ዛሬ ብዙ ስደተኛ ከሚኖርባት ስካርቤክ ነው። የዚያ መንደር ገበሬዎች ቼሪውን በአህያ ጭነው ወደ ብራስልስ ገበያ ያመጡ ስለነበር ስካርቤክ እስካሁን የአህያዎች ከተማ ትባላለች። ከተማው ሲሰፋ ዛፎቹ ተቆረጡ፤ ዛሬ እዚያ ፓርኪንግ እንኳ አይገኝም።

ጣዕሙን ልንገራችሁ። ካንቲሎን የሚባለው፣ ከ1900 ጀምሮ ያለ የብራስልስ ቤት፣ በአንድ ሊትር 200 ግራም ያህል ፍሬ ይጨምራል። ስኳር ግን አይጠብቃችሁ፤ እርሾው ሁሉንም በልቶታል። መጀመሪያ ምላስን ጭምድድ የሚያደርግ ኮምጣጤነት፣ ቀጥሎ የቼሪው ፍሬና የአጥንቱ ሽታ፣ መጨረሻ ላይ የድሮ ጎተራ፣ የቆዳ፣ የእርጥብ እንጨት ጠረን። ጣፋጭ ክሪክ የለመደ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ያንን ጣፋጩን እኔ ለስላሳ ነው የምለው።

ይህ ቢራ ብዙ ጊዜ ለመሞት ተቃርቧል። ካንቲሎን ገዢ ሲጠፋ በ1978 ራሱን ሙዚየም አድርጎ ነው የተረፈው። በ2009 ደግሞ ቤርሴል ያለው የድሪ ፎንቴይነን ማቆያ ክፍል ቴርሞስታት ተበላሽቶ ማሞቂያው አልጠፋ አለ፤ ብዙ ሺህ ጠርሙስ ከጥቅም ውጪ ሆነ፣ ከፊሉም ፈነዳ። ባለቤቱ አርማን ዴቤልደር ከተበላሸው ቢራ አረቄ አወጣ! የአንዲት ትንሽ ስዊች ዋጋ ስንት እንደሆነ መሐንዲስ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ያለው ጠላት ግን በቴርሞስታት አይስተካከልም። ገንዳው ላይ ለሚያድረው ፈሳሽ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 3 እስከ ከዜሮ በላይ 8 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሞቀ የማይፈለግ ባክቴሪያ ይቀድማል። በ2015 ኅዳር አየሩ አልበርድ ብሎ ካንቲሎን የጠመቀውን ደፍቶ ሥራ አቁሞ ነበር። እኔም ሌሊት ስሠራ ዳሽቦርዱ ላይ የውጪው ሙቀት በጥር 12 ሲል አያለሁ፤ ተሳፋሪው ደስ ብሎት መስኮት ይከፍታል።