ተቀበል፣ አዝማሪ!

ስለ አዝማሪ የተጻፈ ሳነብ ሁልጊዜ የማገኘው ንጉሥና ራስ ነው። አዝማሪ ጌታውን አወደሰ፣ አዝማሪ መኳንንቱን በሰምና ወርቅ ወጋ፣ አዝማሪ ከጦሩ ጋር ዘመተ። ሁሉም እውነት ነው። በ1929 ዓ.ም. የኢጣሊያው እንደራሴ ግራዚያኒ ዘዋሪ ዘፋኞችን ከጠንቋዮች ጋር እየለቀመ ማስገደሉም አንደበታቸውን ስለፈራ ነው።

እኔ ያደግሁት ግን ጎንደር፣ እናቴ ጠጅ ትሸጥበት በነበረ ቤት ነው። እዚያ ሲወደስ የሰማሁት ሌላ ሰው ነበር፤ ሸማኔ፣ አህያ ነጂ፣ ሚስቱ የተገላገለችለት ዘበኛ፣ ገበያ ውሎ የመጣ ገበሬ።

አዝማሪው ገና ሲገባ እናቴን ጠጋ ብሎ የማን ስም ማን እንደሆነ፣ ምን ደስታ እንደገጠመው ይጠይቃታል። ከዚያ ከሰውዬው ፊት ቆሞ ስሙን ቤት መምቻው ላይ ያሳርፍለታል። አንድ ሸማኔ አይረሳኝም። አዝማሪው የጥለቱን ነገር አነሣበት፤ የከተማዋ ሴት ሁሉ በጥምቀት የምታምረው በዚህ ሰው እጅ ነው አለ። ሸማኔው ጋቢውን አውልቆ ተነሣና እስክስታውን አወረደው፤ ሲጨርስ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጠፈ። ቀን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ አጎንብሶ ሲሸምን ቀና ብሎ የሚያየው አልነበረም።

ከሁሉ የምወደው ግን «ተቀበል!» የሚባለውን ነው። ከጠጪዎቹ አንዱ ብርሌውን ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ማሲንቆውን መምታቱን ሳያቋርጥ ጆሮውን ይሰጠዋል፤ ሰውዬው ሁለት ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልስለታል፣ ቤቱ በጭብጨባ ይከተላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ገጣሚ ሆኖ ያመሽ ነበር። ለእኔ የአማርኛ ግጥም ታሪክ ከዚህ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

አዝማሪው ራሱ ከተናቁት ወገን ነበር። ጎንደር አጠገብ ባለችው የአዝማሪዎች መንደር በቡርባክስ ልጅ አባቱን ተከትሎ እየዞረ ሙያውን ይለምዳል። ያለ እሱ ሠርግ አይደምቅም ነበር፤ ጋብቻ ሲጠይቅ ግን ባለርስቱ ዘሩን ይቆጥርበት ነበር። መሣሪያውም ቢሆን ቀላል ነው፤ የማሲንቆው ክር አንድ ነው፣ የፈረስ ጭራ። ደጋኑም ጭራ ነው፤ ዕጣን ካልታሸ ድምፅ አይሰጥም። እናቴ ለቡናዋ ካስቀመጠችው ዕጣን ቆንጥራ ለአዝማሪዎቹ ትሰጥ ነበር።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ መጣና ምሽቱ አጠረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶች ደመቀ። ቢራው በዛ፣ ማይክራፎን ገባ፣ «ተቀበል» ግን አልቀረም፤ ሹፌሩም የባንክ ሠራተኛውም ከአሜሪካ የመጣው ዘመድም ተራው እስኪደርስ ይጠብቅ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ቤቶቹም አብረው ተነሡ።

አዝማሪዎቹ ዛሬም በየሠርጉ አሉ። ግጥማቸውን የምትቀዱ ወጣቶች አደራ፦ ዜማውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ለማን እንደተገጠመ፣ ሰውዬው ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ የዚያን ቀን ምን እንዳስደሰተው ጠይቃችሁ አብራችሁ ጻፉት።