ቱፎርዲ ጤፉን ትቶ ባቄላውን ለምን ይገድላል? የአንድ ክክና የሁለት ክክ ታሪክ

የአረም ጊዜ በደረሰ ቁጥር የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ቱፎርዲ ስንረጭ ጤፉ ምንም አይሆንም፣ ከጎን ያለው ባቄላ ግን ተጠማዞ ይደርቃል። ለምንድነው?» መልሱ ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ዘሩም ውስጥ ነው። የሰው ልጅ ይህን ለመረዳት ከ2000 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ከጓዳችን እንነሳ። አተር ሲከካ ለሁለት ይከፈላል፤ ክክ የምንለው እሱን ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስርም እንደዚሁ ናቸው። ሁለቱ ክኮች ቡቃያው ራሱን እስኪችል የሚበላው ስንቅ ናቸው። በቆሎና ስንዴ ግን ቢሰበሩ ይደቃሉ እንጂ ሁለት እኩል ክክ አይወጣቸውም። እነሱ ያላቸው አንድ ቀጭን ክክ ብቻ ነው፤ ስራውም ከዱቄቱ ምግብ እየመጠጠ ለቡቃያው ማቀበል ነው። አበባ የሚያወጡ ዕፅዋት ባለ አንድ ክክና ባለ ሁለት ክክ ተብለው የተከፈሉት ከዚህ ተነስቶ ነው።

ልዩነቱን አይተው ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ነው። የአሪስቶትል ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ የኖረው ከዛሬ 2300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስንዴና ገብስ ሲበቅሉ አንድ ቅጠል ይዘው ብቅ እንደሚሉ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ከአንድ በላይ ቅጠል ይዘው እንደሚወጡ ጽፏል። እናንተም ይህን በየዓመቱ ማሳችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ብዙ ዘመን ተኝቶ ቆየ። በ1670ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማርቼሎ ማልፒጊ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ዘር እያበቀለ በማጉያ መነጽር እያየ ሳለው። የእንግሊዙ ጆን ሬይ ደግሞ በ1682 ባሳተመው መጽሐፍ ዕፅዋትን በክካቸው ቁጥር ከፈላቸው። ሬይ የባለጸጋ ልጅ አልነበረም። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቱ ደግሞ በዕፅ መድኃኒት ጎረቤት የምታክም ሴት ነበረች።

ልዩነቱ በክክ ብቻ አያበቃም። ባለ አንድ ክክ የሆኑት ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሽንኩርት፣ ሙዝና እንሰት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የቅጠላቸው ጅማት ጎን ለጎን የተሰመረ ነው፣ ሥራቸው እንደ ጢም የተበተነ ነው፣ የአበባቸው ክፍሎችም በሦስት በሦስት ይቆጠራሉ። ባለ ሁለት ክክ ከሆኑት ውስጥ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ቡናና ጌሾ አሉ። የእነዚህ ጅማት እንደ መረብ የተያያዘ ነው፣ ብዙዎቹ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አላቸው፣ አበባቸው ደግሞ በአራት ወይም በአምስት ይቆጠራል።

ታዲያ ይህ ከቱፎርዲ ጋር ምን አገናኘው? በ1880 ቻርለስ ዳርዊን ከልጁ ጋር ሆኖ የሳር ቡቃያ ወደ ብርሃን የሚያጎነብሰው ጫፉ በሚልከው መልእክት እንደሆነ አሳየ። በ1928 ፍሪትስ ቬንት የሚባል ሆላንዳዊ ያ መልእክት ተክሉን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጠ። በ1940 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን የሚመስል ሰው ሰራሽ ንጥረ ነገር በብዛት ሲሰጥ አጃውን ትቶ የዱር ሰናፍጩን እንደሚገድል አዩ። ጊዜው የዓለም ጦርነት ስለነበር ነገሩ በምስጢር ተያዘ። ቱፎርዲ ገበያ ላይ የዋለው ጦርነቱ ሲያበቃ ነው።

አሰራሩም ይኸው ነው። ቱፎርዲ የዕድገት ንጥረ ነገር መስሎ ይገባና ባለ ሁለት ክክ የሆነውን ተክል ያለ ልክ ያሳድገዋል። ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ጤፍና ስንዴ ግን ኬሚካሉን ወደ ውስጥ ብዙም አያዘዋውሩትም፣ የገባውንም ሰባብረው ጉልበት ያሳጡታል። ለጋ የሚያድገው ጫፋቸውም በቅጠል ተጠቅልሎ የተሸሸገ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በተለምዶ ቱፎርዲ «የሰፊ ቅጠል መድኃኒት» ይባላል። ስሙ ግን ያሳስታል። እንሰት ቅጠሉ ሰፊ ሆኖ ባለ አንድ ክክ ነው፤ ካሮትና ድንብላል ቅጠላቸው ቀጫጭን ሆኖ ባለ ሁለት ክክ ናቸው። ሽንኩርት ደግሞ ባለ አንድ ክክ ሆኖም ቱፎርዲ ይጎዳዋል። ተፈጥሮ ራሷም መስመሩን በደንብ አላሰመረችውም። ከ1990ዎቹ ወዲህ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው አቮካዶ ሁለት ክክ ቢኖረውም ከባቄላና ከቡና ወገን አይደለም፤ ከእነሱ ቀድሞ የተለየ የጥንት ዘር ነው። አበባውን ብትቆጥሩት እንደ ሽንኩርት በሦስት በሦስት ይሄዳል።

እንግዲህ ከመርጨታችሁ በፊት እነዚህን አስቡ፦

1. በቆሎን ከቦሎቄ፣ ስንዴን ከባቄላ ወይም ጤፍን ከሰሊጥ አሰባጥራችሁ ከዘራችሁ ቱፎርዲ አይሆንም፤ አረሙን በእጅ ንቀሉት።
2. የጎረቤታችሁ ማሳ ላይ ምን እንዳለ እዩ። ሽምብራ፣ ምስር ወይም ቲማቲም ካለ ንፋስ ባለበት ሰዓት አትርጩ። የአንዱ ቸልተኝነት የሌላውን የዓመት ቀለብ ያጠፋል፣ ጎረቤትንም ያጣላል።
3. ቱፎርዲ የተረጨበትን መርጫ ደጋግማችሁ በሳሙና እጠቡ፣ እጣቢውንም ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ከተቻለ ለቱፎርዲ የራሱ መርጫ ይኑረው። ጥቂት ቅሪት ቲማቲሙን ሊያጨማድደው ይችላል።
4. ሲናርና ሙጃ የሳር ወገን ስለሆኑ ቱፎርዲ አይገድላቸውም። በየዓመቱ እሱን ብቻ ከረጫችሁ ማሳውን እነሱ ይወርሱታል። ሰብል አፈራርቁ።
5. ጤፍም ሆነ ስንዴ ያለ ጊዜው ወይም ያለ መጠኑ ከተረጨ ይጎዳል። መለያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ካልገባችሁ የቀበሌ ባለሙያችሁን ጠይቁ።

ማሳችሁ ላይ ያለው ባለ ስንት ክክ እንደሆነ ለመለየት ከቸገራችሁ ጥቂት ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አብቅሉ። ቦሎቄ ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ሲወጣ፣ በቆሎ ደግሞ እንደ ወስፌ የሾለ አንድ ቡቃያ ብቻ ሲያወጣ ታያላችሁ። ልጆቻችሁንም አሳዩአቸው፤ ቴዎፍራስጦስ ያየው ይህንኑ ነው።

መልካም የሰብል ዘመን ይሁንላችሁ! ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።