የሆድ ቁስልና የሕሙም ዝምታ፦ ነርቭን የማደንዘዝ ታሪክ ከደጋው ጎጃም ሲታይ



እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ማደንዘዣ እንድናገር በተጋበዝኩ ጊዜ ያመነታሁትም ስለዚሁ ነበር። ኋላ ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። አንጀቷ ተጠማዞባት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ሆዷ ተከፍቶ ታከመች፤ ሕይወቷም ተረፈ። የዚያን ሌሊት ግን ነጠላዋን ነክሳ አደረች። ጠዋት ሐኪሙ «እንዴት አደሩ እማማ?» ቢላት «እግዜር ይመስገን» አለች። እሱም ደህና ማደሯን ጽፎ አለፈ። የታሪክ ሰው በሰነድ ያምናል፤ ያ ሰነድ ግን ዋሽቷል።

የአንጀት መጠምዘዝ በደጋው አገራችን እንግዳ በሽታ አይደለም፤ ዛሬም ሰውን በሌሊት በቃሬዛ ያስወጣል። ስለዚህ የሆድ ቀዶ ሕክምና ታሪክ የእኛም ታሪክ ነው።

ኤተር በቦስተን በአደባባይ የተሞከረው በጥቅምት 1839 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 1877 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከመንቆረር ሆነው ጎጃምን ሲገዙ፣ በቪየና ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ ገለጠ። ወደ ሃይድልበርግ ጉባኤ የሚሄድበት ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ያነበበለት ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውን ሳያስተኙ አንድን የአካል ክፍል ብቻ ማደንዘዝ ይቻል ዘንድ መንገዱ ተከፈተ። በነሐሴ 1890 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጀርመናዊው አውጉስት ቢር ከረዳቱ ጋር ከጀርባ አጥንት ገብቶ የሚያደነዝዘውን መርፌ በራሳቸው ላይ ሞከሩ። የረዳቱን ቅልጥም በመዶሻ መታው፤ አላመመውም። ማታ ወይን ጠጥተው ሲጋራ አጨሱ፤ ቢር ግን በራስ ምታት ዘጠኝ ቀን ተኛ። ዛሬ በከተማችን ብዙ እናቶች በቀዶ ሕክምና የሚወልዱት በዚሁ ዘዴ ነው።

ችግሩ የጀርባው መርፌ ኃይል በሰዓታት ውስጥ ማለቁ ነው። ሕመምተኛዋ ከቀዶ ክፍል ወጥታ አልጋዋ ላይ ስትደርስ ሕመሙ ይጀምራል። ሞርፊንና ፔቲዲን እንደልብ አይገኙም፤ ቢገኙም ትንፋሽን ያዳክማሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ነርስም ይሻሉ። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሆድ ግድግዳ ዞረ። የሆድን ቆዳና ጡንቻ የሚያገለግሉት ነርቮች ከጀርባ ተነሥተው፣ በውስጠኛው ሰያፍ ጡንቻና በአግዳሚው ጡንቻ መካከል ባለች ስስ ንጣፍ አልፈው ወደ ፊት ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ራፊ የተባለ ሐኪም ወደዚያ ንጣፍ በቀላሉ የሚደረስበትን መንገድ ጻፈ፦ ከዳሌ አጥንት ጫፍ በላይ፣ ከጎን፣ በጣት ዳስሶ የሚገኝ ትንሽ ሦስት ማዕዘን። ቦታው በስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፔቲ ከሞተ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል። የደነዘዘ ጫፍ ያለው መርፌ ሲገፋ በእጅ ላይ «ጠቅ» ይላል፤ ሁለተኛው «ጠቅ» ሲሰማ ማደንዘዣው ይለቀቃል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መርፌውን በአልትራሳውንድ እያዩ መምራት ተለመደ።

ለእኛ አገር የሚያስደንቀኝ ያ የመጀመሪያው፣ የእጁ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ማደንዘዣን በአብዛኛው የሚሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ በዲግሪ የሠለጠኑ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ናቸው፤ ውድ መሣሪያ በሌለበት በጣታቸው ያውቃሉ። በጎንደርና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉት ባልደረቦቻቸውም ይህን ዘዴ በወላዶች ላይ አጥንተው ጽፈዋል። የታሪክ መጻሕፍት ግን የፈልሳፊውን ስም ይዘው፣ መርፌውን በሌሊት ተረኛነት የያዘውን እጅ ይረሳሉ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ እንዲሁ አስተምር ነበር።

ዘዴው ተአምር አይደለም። የቆዳውንና የጡንቻውን ሕመም እንጂ የአንጀቱን አያስታግስም። ቡፒቫኬይን የተባለው መድኃኒትም ከልኩ ካለፈ ወይም ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብን ያቆማል፤ ስለዚህ መጠኑ በሰውየው ክብደት ይሰላል። በተመጠነ እጅ ግን የመጀመሪያዪቱን ሌሊት ያሻግራል።

በቅርቡ አንዲት የማደንዘዣ ባለሙያ ሥራዋን እንድመለከት ፈቀደችልኝ። በማግስቱ ወደ አሮጊቷ ታካሚ ስትቀርብ «እንዴት አደሩ?» ብላ አላበቃችም። «እስቲ ይሳሉ እማዬ» አለቻቸው፤ ፊታቸውንም አየች። ያየችውን ቁጥር አድርጋ በካርዱ ላይ ጻፈች።